ከመቅደላ እስከ ጨርጨር፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጥጥ ዘመን

በዋጃ ሜዳ ሰማዩ ሳይጠቁር ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው በስተምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ነውና። ጎርፉ ሲወርድ አርሶ አደሩ አካፋውን ይዞ ወደ ጠለፋው ይሮጣል፤ የላይኛው ማሳ ሲጠጣ የታችኛው ተራውን ይጠብቃል። ማን ይቅደም፣ እስከ መቼ ይጠጣ፣ ቦዩን ለመጥረግ ማን ይውጣ የሚለውን የውኃ አባቱና ሽማግሌው በጊዜ ካልዳኙት ነገሩ ከቃል ወደ ዱላ ያልፋል። ከላይ ያለ ሰው ውኃውን እንዳሻው ልያዝ ካለ፣ ከታች ያለው ዘር ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ያጣል። ይህን ለራያ ቆላ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይኸው የላይና የታች ጥያቄ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የመንግሥታት ጥያቄ ሆኖ ነበር። የላይኛው ጣና ነበር፤ የታችኛው ደግሞ እንግሊዞች በሱዳን ያለሙት ሰፊ የጥጥ እርሻ። ጉዳዩን ይዘው ውቅያኖስ ተሻግረው ኒውዮርክ የደረሱት ሰው ፖለቲከኛ ሆነው ያደጉ አልነበሩም። ሐኪም ነበሩ። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በባዕድ አገር ያደጉ፣ ስማቸውን እንኳ ጎልምሰው የሰሙ ሰው ናቸው፤ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ።

የእኚህ ሰው ሕይወት ለዚህ ገጽ አንባቢ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው ጥጥ የተባለው ሰብል ዓለምን እንዴት እንዳመሰ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባርነት በአዋጅ ሲሻር ነፃ የወጣው ሰው መሬት፣ ትምህርትና ፍትሐዊ ግብር ካላገኘ ምን እንደሚደርስበት ነው።

የጥጥ ጦርነት

ወርቅነህ በጎንደር የተወለዱት በ1857 ዓ.ም ገደማ ነው። በዚያው ጊዜ ከአትላንቲክ ማዶ አሜሪካ አራት ዓመት ከፈጀው የእርስ በርስ ጦርነቷ እየወጣች ነበር።

የጦርነቱ ሥር ያለው በጥጥ ማሳ ውስጥ ነው። ጥጥ የዳመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው ፍሬውን ከጥጡ መለየት አድካሚ ሥራ ነው። በእጅ የሚዳምጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ውሎ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 ኤሊ ዊትኒ የተባለ አሜሪካዊ ጥጥ የሚዳምጥ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው የሠራተኛውን ድካም ያቃልላል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መዳመጥ ሲቀል ጥጥ እጅግ አትራፊ ሆነ፤ ጥጥ ሲያተርፍ ባለርስቱ ተጨማሪ መሬት ፈለገ፤ መሬቱን የሚያርስ፣ የሚኮተኩትና ጥጡን የሚለቅም ደግሞ በግዴታ የሚሠራ ሰው ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1790 በአሜሪካ 700 ሺህ ገደማ የነበረው የባሪያ ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ በዋጋ ከግማሽ በላዩ ጥጥ ነበር።

የሰሜኑ ክፍል በፋብሪካ፣ በንግድና ቤተሰብ በሚያርሰው እርሻ ይኖር ነበር። የደቡቡ ባለርስት ሀብቱ ሁሉ በጥጥና በባሪያ ላይ ነበር። ጠቡን ያከረረው በምዕራብ በኩል በሚከፈተው አዲስ መሬት ባርነት ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ነበር። የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1860 ሲመረጥ የደቡብ ግዛቶች ተራ በተራ ተገነጠሉ፤ ቁጥራቸው 11 ደረሰ። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደር አለቀ። በ1865 መጨረሻ ባርነት በመላ አገሪቱ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ።

ጦርነቱ በአሜሪካ ብቻ አልቀረም። የሰሜኑ መርከቦች የደቡብን ወደብ ሲዘጉ በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር የነበሩት የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ተራበ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ግብፅና ወደ ሕንድ አዞረ። የቦምቤይ ከተማ በጥጥ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከበረች፤ ጦርነቱ ሲያበቃም በአንድ ጊዜ ከሰረች። እንግሊዝም ከአሜሪካ እጅ ያልሆነ ጥጥ ሊኖረኝ ይገባል የሚል ሐሳብ ያዘች። ይህ ሐሳብ ነው ከስልሳ ዓመት በኋላ ወደ ጣና የመጣው።

የመቅደላው ሕፃን

እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ከዚያችው ከቦምቤይ የተነሣ የእንግሊዝ ጦር በዙላ በኩል ገባ። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የመጣ ጦር ነበር። መድፉን በዝሆን ጭኖ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ፣ ከራያ ሜዳ በስተምዕራብ ካለው ተራራ ጀርባ ያለውን ደጋ አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አምባው ተያዘ፤ ንጉሡም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ።

በዚያ ትርምስ ውስጥ ከቤተሰቡ የተለየ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ተገኘ። ጦሩ ሲመለስ የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ወደ እንግሊዝ ወሰደ። ያንን ሕፃን ደግሞ ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር አርፎ እዚያው ተቀበረ። ወርቅነህ ግን ተረፈ። አሳዳጊው ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ሸፈነ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው የባዕድ ስሙ ከሁለቱ መኮንኖች የተገኘ ነው።

ልጁ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በላሆር ሕክምና አጠና፤ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ፤ ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውቃል፤ አማርኛ ግን አያውቅም። ማን ወለደኝ ቢል የሚነግረው አልነበረም።

የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ከተሰማ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ተዛመተ። ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንም ያን ጊዜ አገኙት። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም ሕክምና ሰጡ። ከበርማው ሥራቸው ጋር ለዓመታት ሲመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም ገደማ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ።

አዋጅና ትምህርት ቤት

ሐኪም ወርቅነህ የተመለሱባት ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ነፃነቷን ያስከበረች አገር ነበረች። በውስጧ ግን ባርነት ነበር። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ እየተዘረፉ ወደ ገበያ የሚነዱ፣ ቀይ ባሕርንም የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ። በመኳንንቱና በሀብታሙ ቤት ውኃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨውና እንጨት የሚለቅመው በአብዛኛው ባሪያ ነበር። ይህን መደበቅ ለታሪካችን አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ ክርክር ይኸው የባርነት ጉዳይ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን አዋጅ አስነገሩ። በ1923 ዓ.ም ሌላ ሕግ ተጨመረ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን ከነፃነት መመለስ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ነው።

ነፃ የወጣ ሰው ወዴት ይሂድ? መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ዘመድ ያለበትን አያውቅ። ብዙው ከጌታው ደጅ አልራቀም፤ መብሉ እዚያው ነበርና። የሐኪም ወርቅነህ ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። በ1917 ዓ.ም የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትንም በበላይነት ተቆጣጠሩ። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። የመሳፍንቱ ልጅና የባሪያው ልጅ እኩል ፊደል ይገባቸዋል ብሎ መሥራት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ሕፃን ሳለ ከዘመዱ የተነጠለ ሰው ምን እንደሚሰማው ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

የአሜሪካው ታሪክ የዚህን ሥራ ፋይዳ በግልጽ ያሳያል። በጦርነቱ መጨረሻ ጄኔራል ሸርማን በደቡብ የባሕር ዳርቻ ለነፃ ወጪ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ አዝዞ ነበር፤ በእኛ ስፍር 64 ጥማድ ገደማ ማለት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙ ተሽሮ መሬቱ ለቀድሞ ባለርስቶች ተመለሰ። ነፃ ወጪው ባዶ እጁን ቀረ፤ ስለዚህ ወደዚያው ማሳ የእኩል አራሽ ሆኖ ተመለሰ። መሬቱ የባለርስቱ፣ በቅሎው የባለርስቱ፣ ዘሩ የባለርስቱ። አራሹ እስኪያመርት ድረስ ዱቄትና ጨው ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ሂሳቡ የሚጻፈው በባለርስቱ መዝገብ ነው። ማንበብ የማይችለው አራሽ ጥጡን አስረክቦ ሲተሳሰብ ዕዳው ከድርሻው በልጦ ይጠብቀዋል። ዕዳውን ሳይከፍል መሬቱን ለቅቆ መሄድ አይችልም። ሰንሰለቱ ተፈትቶ መዝገቡ ቀረ።

የእኩልና የሲሶ አራሽነትን ዘመን ከአባቶቹ የሰማ የቆላ ገበሬ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ፊደል መቁጠር ለገበሬ ጌጥ እንዳልሆነም ከዚሁ ይታያል።

ጣና በኒውዮርክ

እንግሊዝ ከአሜሪካ ውጭ የሆነ ጥጥ ለማግኘት ስትፈልግ ዓይኗን ከጣለችባቸው ቦታዎች አንዱ በሱዳን ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው የገዚራ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ተጠናቀቀና የገዚራ የጥጥ እርሻ በቦይ መጠጣት ጀመረ። እዚያም መሬቱን የሚያለማው ገበሬ ከጥጡ ገቢ የሚደርሰው 40 በመቶ ነበር፤ የተረፈውን መንግሥትና ኩባንያው ይካፈሉታል። ውኃው የሚሄደው ከእኛ ተራራ ነው።

እንግሊዝ ይህን አስቀድማ አስባበት ነበር። በ1894 ዓ.ም ከአፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል፣ ኢትዮጵያ በጣና፣ በጥቁር ዓባይና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያቋርጥ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳትስማማ እንዳትሠራ ተደርጎ ነበር። ገዚራ ሲስፋፋ እንግሊዝ ከጣና መውጫ ላይ ውኃ የሚያጠራቅም ግድብ ፈለገች። በ1918 ዓ.ም ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ባለቤቷን ሳያማክሩ በኢትዮጵያ ውስጥ ስላላቸው ጥቅም እርስ በርስ መጻጻፋቸው ታወቀ። አዲስ አበባ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች።

ከአቤቱታው ሌላ የተመረጠው መንገድ ብልሃት ያለበት ነበር። ግድቡ ከተሠራ ኢትዮጵያ ራሷ ታሠራው፤ ውኃውን የሚፈልግ ይክፈል፤ ሥራውንም በአገሪቱ ላይ የቅኝ ግዛት ምኞት የሌለው አገር ኩባንያ ይሥራው የሚል። ይህን ይዘው በ1920 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በኒውዮርክ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ወሬው ሲሰማ በለንደን ትልቅ መደናገጥ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኩባንያው መሐንዲሶች መጥተው ጣናን አጠኑ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ የጣሊያን ወረራ ቀደመው። ነገር ግን የላይኛው ባለ ማሳ ቀርቦ የሚያነጋግር፣ የራሱን ሒሳብ የሚያውቅ መሆኑን የታችኛው አየ።

ሐኪሙ በኒውዮርክ ሌላም ጉዳይ ነበራቸው። ሐርለም ወደተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ሄዱ። በሐርለም ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ከደቡብ የጥጥ ማሳ ሸሽቶ የመጣ ወይም የሸሹት ልጅ ነበር። ሽሽታቸው ምክንያት ነበረው። ሐኪሙ ከመድረሳቸው ጥቂት ወራት በፊት የሚሲሲፒ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ከ600 ሺህ በላይ ሰው አፈናቅሎ ነበር። በጎርፉ ሥፍራ በአንዳንድ ከተሞች ጥቁር የእኩል አራሾች በጠመንጃ እየተጠበቁ ግድብ እንዲሞሉ ተገደዋል፤ ባለርስቶቹ አራሹ ከሄደ ጥጡን ማን ይለቅምልናል ብለው መውጫ ከልክለዋቸዋል። ባርነት ከተሻረ 62 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ ለሐርለም ሰዎች የኢትዮጵያን ሰላምታ አቅርበው፣ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በቀጣዮቹ ዓመታት ጥቂቶች መጡ። በሕፃንነቱ ከአገሩ የተወሰደ ሰው፣ ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ የተወሰዱትን ሰዎች ወደ አፍሪካ ሲጋብዝ ማሰብ ልብ ይነካል።

የጨርጨር ገዥ

እ.ኤ.አ. በ1930 ሐኪሙ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር በሐረርጌ ያለ የቡናና የማሽላ አገር ነው፤ ከተማው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬው ጭሮ። መንግሥት ሌላው አገር የሚማርበት አርአያ አውራጃ እንዲሆን አሰበ፤ ሥራውንም ለእሳቸው ሰጠ።

በዚያ ዘመን የሹም መተዳደሪያ ገባሩ ነበር። ሹሙ ደመወዝ የለውም፤ ገባሩ እህል ይሰፍርለታል፣ ማር ያመጣለታል፣ እርሻውን ያርስለታል፣ ቤቱን ይሠራለታል፣ ዕቃውን ይሸከምለታል። ልኩ ያልታወቀ ግብር ደግሞ ሹሙ በተራበ ቁጥር ይጨምራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል የወጣው ከዚህ ዓይነቱ አሠራር ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የተማሩ ወጣቶችን ይዘው ወደ ጨርጨር ወረዱ። ሠራተኛው በገባሩ ትከሻ ሳይሆን በደመወዝ እንዲኖር፣ ግብሩ ልክ እንዲኖረው፣ ገቢና ወጪው እንዲመዘገብ ጣሩ። መንገድ አስጠረጉ፤ ትምህርት ቤትና ሕክምና አቆሙ። ቡናው ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወርድበት መንገድ ለገበሬው ገንዘብ መሆኑን ተረድተው ነበር። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ በአሮጌው ሥርዓት የሚኖር መልከኛ ብዙ ነበር፤ የተሰጣቸው ጊዜም አጭር ነበር። ሆኖም አንድ ገዥ ከልቡ ከተነሣ በአንድ አውራጃ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ያሳዩ ቀዳሚ ሰው ናቸው።

የመጨረሻ ዓመታት

የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሐኪሙ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። በሰባ ዓመታቸው የአገራቸውን አቤቱታ ከበር በር እያንኳኩ አሰሙ። አገሪቱ ተወረረች። በእንግሊዝ ምህንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ቆዩ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ተገደሉ። አባትየው ወደ ሕንድ ሄዱ። እግራቸው ሳይጸና ወደተወሰዱበት አገር በሽምግልና፣ ያለ አገርና ያለ ሁለት ልጆች ተመለሱ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም ገደማ ወደ አገራቸው ገቡ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረበትን አዋጅ ለማየት በቁ። በ1945 ዓ.ም መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አምስት አልፎ ነበር።

ዛሬ በየወረዳው ብዙ መመሪያ ይወርዳል። የመስኖ ተጠቃሚዎች ደንብ ይወጣል፣ የማዳበሪያ ክፍፍል ይታወጃል፣ የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ይሰጣል። የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ያነበበ የወረዳ ኃላፊ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ይህ ወረቀት ከቦዩ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ በሬ የሌላት፣ መሬቷን ለእኩል የሰጠች እማወራ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል? ድርሻዋን የሚጽፈው ማን ነው? መዝገቡንስ ማንበብ ትችላለች?

አሜሪካ እነዚህን ጥያቄዎች ሳትመልስ አዋጇን አወጀች፤ ነፃ ወጪውም ለመቶ ዓመት ያህል ዋጋ ከፈለ። ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ግን በቻለው መጠን በአንድ ትምህርት ቤትና በአንድ አውራጃ ሊመልሳቸው ሞከረ። አዋጅ ብቻውን አያርስም፤ አራሹን የሚያስታውስ ሹም ሲያገኝ ግን ማሳ ድረስ ይወርዳል። ጎርፉም እንዲሁ ነው፤ ከተራራው ሁሌም ይመጣል፤ የዋጃን የታችኛውን ማሳ የሚያጠጣው ግን በቦዩ ላይ በእውነት የሚዳኝ ሰው ሲቆም ነው።